ጄን ኤር ደምበጫ ብትወለድ

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ ባጣሁበት ጊዜ፣ አዲስ አበባ ቦሌ አካባቢ የአንድ ሀብታም ቤት ልጆች አስጠና ነበር። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሒሳብና እንግሊዝኛ። ያስቸገረኝ ሒሳቡ አልነበረም፤ የመክሰስ ሰዓት ነበር። የቤቱ ሠራተኛ ግራ ይገባታል። እንግዳ እንዳልባል ደመወዝ እቀበላለሁ፤ ሠራተኛ እንዳልባል ሁሉም «ቲቸር» ነው የሚሉኝ። ሻዩን ሳሎን ታቅርብልኝ ወይስ ጓዳ ትጥራኝ? በመጨረሻ ልጆቹ የሚያጠኑበት ጠረጴዛ ጫፍ ላይ አስቀምጣልኝ መሄድ ጀመረች።

ጄን ኤርን ያነበብኩት በዚያ ሰሞን ነው። ከቴሌግራም ባወረድኩት ፒዲኤፍ፣ ታክሲ ውስጥ፣ መዝገበ ቃላት እያየሁ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1847 ነው የታተመው። ደራሲዋ ሻርለት ብሮንቴ ራሷ ሰው ቤት ተቀጥራ ልጆች አስተምራለች፤ ያቺን የጠረጴዛ ጫፍ በደንብ ታውቃታለች። ጄን ወላጅ የሌላት ድሃ ናት። በዓመት 30 ፓውንድ ተቀጥራ የሚስተር ሮቸስተር ትልቅ ቤት ውስጥ አዴል የምትባል ትንሽ ልጅ ታስተምራለች። ጌታው ይወዳታል፣ እሷም ትወደዋለች። ሊጋቡ ቤተ ክርስቲያን ከቆሙ በኋላ ግን ሰውየው ሚስት እንዳለው ይታወቃል፤ አብዳለች ተብሎ እዚያው ቤት፣ ላይኛው ፎቅ ተቆልፎባታል። እንዲያም ሆኖ አብረን እንኑር ብሎ ይለምናታል። ጄን ግን ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ ትወጣለች።

ያንን ምዕራፍ ሳነብ መውረጃዬ አልፎኛል።

እኔ የደምበጫ ልጅ ነኝ። ድሃ አስተማሪና ትልቅ ሰው ቤት ሲባል ለኛ አገር ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው በዛብህ ነው። ከደምበጫ ተነሥታችሁ ፍኖተ ሰላምን አልፋችሁ ወደ ቡሬ ስትሄዱ ማንኩሳን ታገኛላችሁ፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ያለው በዛብህ የማንኩሳ ልጅ ነው። አያቴ፣ እምዬ ነው የምንላት፣ ማንበብ አትችልም። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ግን ሰምታዋለች፤ ስለ በዛብህ ስታወራ የጎረቤት ልጅ ነው የሚመስለው። «ምስኪን! ምን አገባው ከትልቅ ሰው ቤት?» ትላለች።

ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ሳስባቸው አንድ ነገር ከነከነኝ። የጎጃሙ የቤት አስተማሪ ወንድ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ በዛብህን ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር ቤታቸው ያስገቡት የቤተ ክህነት ትምህርት ስላለው ነው። በዚያ ዘመን ድሃ ሴት ፊደሉን ከየት አባቷ ታመጣዋለች? ሰብለም ብትሆን የፊታውራሪ ልጅ ባትሆን ኖሮ ማን አስተማሪ ይቀጥርላት ነበር? ስለዚህ ጄን ኤር ደምበጫ ብትወለድ ባላባት ቤት የምትገባው ለማስተማር አይደለም። ገረድ ሆና ትፈጫለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ ማታ የጌታዋን እግር ታጥባለች። ጌታው ዐይኑን ከጣለባትም ስም ተዘጋጅቶላታል፦ የጭን ገረድ። ለምትወልደው ልጅም አለ፦ ዲቃላ።

የእምዬ እናት ታሪክ ይሄ ነው። ቤታችን ውስጥ የሚወራው ግን እንዲህ ነው፦ ባላባቱ ቤት ገባች፣ ባላባቱ ወደዳት፣ እምዬን ወለደች፣ ቁራሽ መሬት ሰጣት። አለቀ። አጎቶቼ ሲያወሩት ኩራት ኩራት ይላቸዋል፤ የትልቅ ሰው ደም አለብን ለማለት። እውነት ለመናገር ጎጃም ውስጥ አባት መቆጠሩ ቀላል ነገር አልነበረም። ርስት በአባትም በእናትም ስለሚወረስ፣ አባቱ ያመነው ዲቃላ ከመሬት ሊደርሰው ይችል ነበር። ለ«ወደዳት» ያላቸው ማስረጃ ያቺው መሬት ናት። የካቲት 1967 የወጣው የመሬት አዋጅ ደግሞ ርስቱንም ጉልቱንም አንድ ላይ ጠራርጎ ወሰደው፤ ለኛ የቀረን ወሬው ነው።

እኔም ብዙ ዘመን አምኜዋለሁ። ዶርም ውስጥ ለጓደኞቼ እንደ ፍቅር ታሪክ አውርቼዋለሁ፤ ትንሽም ጨምሬበታለሁ፣ ፈረስ ሁሉ አስገብቼበታለሁ። ጄን ከዚያ ቤት ስትወጣ ካነበብኩ ወዲህ ግን አፌ አልታዘዝ አለኝ። ጄን እንቢ ማለት ችላለች። ረሃቡ ሊገድላት ደርሶ ነበር፤ ኋላ ግን ከአጎቷ የ20,000 ፓውንድ ውርስ መጣላት፣ ከዘመዶቿ ጋር ተካፈለችው፤ ሮቸስተር ዘንድ የተመለሰችው የራሷ ገንዘብ ኖሯት ነው። ቅድመ አያቴ ከዚያ ግቢ ብትወጣ የት ትገባለች? በዛብህ እንኳ ወንድ ሆኖ፣ ተምሮ፣ ነገሩ ሲታወቅበት ነፍሱን ይዞ ነው የሸሸው።

ለፋሲካ አገር ቤት ስገባ እምዬን ጠየቅኳት። ቡና እየቆላች ነበር።

«እምዬ፣ እናትሽ ሰውየውን ትወደው ነበር?»

ሳቀች። «ማን ጠየቃትና ልጄ!»

ቡናውን ማማሰሏን ሳታቋርጥ ቆየችና፣ እናቷ ስሙን ጠርታው እንደማታውቅ ነገረችኝ። «ጌቶች» ነበር የምትለው። ከወለደችለት በኋላም «ጌቶች»፣ እሱ ከሞተ በኋላም «ጌቶች»። ጄንም ከታጨች በኋላ ሮቸስተርን «ጌታዬ» ማለቱን አልተወችም፤ ስለዚህ በዚህ ብቻ መፍረድ አልቻልኩም። ምናልባት ቅድመ አያቴም ትወደው ይሆናል። ምናልባት።

«መሬቷን ግን ትወዳት ነበር» አለች እምዬ የሚጨሰውን ቡና ወደኔ እያቀረበች። «ጌሾ ተክላባት ነበር። ሰው እንዲያስነካባት አትፈቅድም፤ እኔን እንኳ ታባርረኝ ነበር።»