ቃል የጠፋኝ ዕለት

ባለፈው ዓመት በሰንበት ትምህርት ቤታችን እንዳስተምር ተመደብሁ። ርእሱም የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6፣ ይኸውም የሰባቱ ዲያቆናት መመረጥ ነበር። እኔም ዲያቆን ነኝና «ይህ የራሴ ታሪክ ነው» ብዬ ሦስት ሌሊት አጠናሁ፤ እናቴና ጓደኞቼ እንዲያደንቁኝም ተመኘሁ። ለመጸለይ ግን ጊዜ አላገኘሁም።

ቀኑ ደርሶ በጉባኤው ፊት ስቆም ያጠናሁት ሁሉ ጠፋብኝ። እናቴም አንገቷን ደፋች።

ዳዊት ያስተማሩኝ መምሬ በቅጽሩ በር ጠብቀው፦
«ልጄ፣ ስንት ሌሊት አጠናህ?» አሉኝ።
«ሦስት።»
«ስንቱንስ ጸለይህበት?»
መልስ አልነበረኝም።

ያን ማታ ምዕራፉን እንደገና አነበብሁት። ሐዋርያት የማዕዱን ሥራ ለሰባቱ ሲሰጡ ለራሳቸው ያስቀሩት ጸሎትንና ቃሉን ማገልገልን ነው፤ ጸሎትም ቀድሞ ተጽፏል። ሰባቱም ቢሆኑ ለመበለቶች ምግብ ለማደል እንኳ የተሾሙት ተጸልዮላቸውና እጅ ተጭኖባቸው ነው። ይህን ሦስት ሌሊት ሳጠና አላየሁትም ነበር።

ውድ ጓደኞቼ፣ ዛሬም ተራዬ ሲደርስ አጠናለሁ፤ ጸሎት የስንፍና መሸፈኛ አይደለምና። አስቀድሜ ግን ሰግጄ እርዳታውን እለምናለሁ። ድምፄ አሁንም ይንቀጠቀጣል፤ ነገር ግን የማስበው ማን እንደሚያደንቀኝ ሳይሆን ማን እንደላከኝ ነው።