በረንዳዬ ወደ ደቡብ ያያል

ጥቅምት 4፣ 2017 ዓ.ም.

ዘር ልገዛ ስነሣ ምድር ቤት የሚኖሩት እማማ አስቆሙኝ። «ቆዪ ልጄ፣ መጀመሪያ ፀሐዩን እዪ። ጠዋት የት እንደሚያርፍ፣ ስድስት ሰዓት ላይ የት እንደሚደርስ፣ መቼ ጥሎሽ እንደሚሄድ እዪ። ፀሐይ ያላገኘ ጎመን ወደ ላይ ይመዘዛል እንጂ ቅጠል አይሰጥሽም» አሉኝ። ያደጉት ጉራጌ አገር ነው፤ እንሰቱም ጎመኑም ከቤቱ ጀርባ በሚበቅልበት፣ አመዱና የከብቱ ፍግ በቀጥታ ወደ ጓሮ በሚወጣበት ግቢ። እኔ ያለኝ በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች፣ ሁለት ወንበር ከገባባት መተላለፊያ የማይተርፋት በረንዳ ናት።

በረንዳዋ ወደ ደቡብ ታያለች። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ግድም ላይ ስላለች፣ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሰሜን ትዞራለች። ስለዚህ በበጋ ፀሐይ ገብታ እስከ ግድግዳው ድረስ ትደርስልኛለች፣ በክረምት ግን ትርቀኛለች። የመዝሪያ ጊዜዬን ዝናቡ ሳይሆን ይህ ነው የሚወስነው። ደጋግሜ ያየሁት ነገር ነው፦ ሰው ዘሩን ይመርጣል፣ ማሰሮውን ይመርጣል፣ በረንዳው ወዴት እንደሚያይ ግን አይጠይቅም።

ጥቅምት 9

ትልቁ ሥራ አፈሩ ነው። እሱ አንድ ጊዜ በደንብ ከተሠራ ሌላው ይቀላል፤ ስለዚህ ጉልበቴን ሁሉ እዚህ ላይ ለማዋል ወሰንኩ። መረሬ አፈር ብቻውን አይሆንም፤ ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ብስባሽ፣ ትንሽ አሸዋ። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል፤ እስኪብላላና ሽታው እስኪጠፋ መቆየት አለበት።

አፈሩ ከየት እንደመጣም ጠይቄያለሁ። ለከተማችን ገበያ ከሚቀርበው ቅጠላ ቅጠል ከፊሉ የሚለማው በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ውሃ ነው፤ በዚያ ውሃ በለማ አትክልት ውስጥ ከባድ ብረቶች መገኘታቸውን ተመራማሪዎች ደጋግመው ጽፈዋል። ብረቱ ቢታጠብ አይለቅም፣ ቢቀቀል አይጠፋም። ልጆቼን የማበላውን ጎመን ራሴ ላብቅል ያልኩት በዚህ ምክንያት ነው። ታዲያ ከወንዝ ዳር ወይም ከጋራዥ አጠገብ የተዛቀ አፈር በረንዳዬ ላይ ካወጣሁ ምን አተረፍኩ?

ጥቅምት 11

ጎመኑን የምተክልበት ጆንያ ቆመ። አሠራሩ በናይሮቢ የኪቤራ ሰፈር ሴቶች ዘንድ የተለመደ ነው። ከላይና ከታች የተከፈተ ቆርቆሮ ጆንያው መሐል ይቆማል፤ በውስጡ ጠጠር፣ በዙሪያው አፈር ይሞላል። ከዚያ ቆርቆሮው ወደ ላይ ይሳብና እንደገና ጠጠርና አፈር፣ አፉ እስኪደርስ እንዲሁ ይቀጥላል። መጨረሻ ላይ ከታች እስከ ላይ የጠጠር ዓምድ ይቀራል። ከላይ የፈሰሰው ውሃ በዓምዱ ወርዶ ታች ላለውም ሥር ይደርሳል። ያለዚያ ላዩ ጨቅይቶ ታቹ ይደርቃል። ጎኑን በቢላ ቀደድ ቀደድ አድርጎ በየቀዳዳው ችግኝ መትከል ነው፤ አንድ ክንድ በማይሞላ ወለል ላይ ጎኑም አናቱም ያበቅላል።

ክብደቱን ግን ማሰብ ያስፈልጋል። ውሃ የጠጣ አፈር ሊትሩ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል፤ 50 ሊትር አፈር የያዘ ጆንያ ወደ 75 ኪሎ ይደርሳል ማለት ነው። የእኔ ከቤቱ ግድግዳ ጋር ተጠግቶ ቆሟል። የበረንዳ መከለያ ላይ ማሰሮ የሚደረድሩ ጎረቤቶቼን ሳይ ታች የሚጫወቱት ልጆች ያሳስቡኛል።

ጥቅምት 15

ምን ይተከል? አንዴ ተነቅሎ የሚያልቀውን ትቼ፣ እየተቀጠፈ የሚያቆጠቁጠውን መረጥኩ። ቆስጣ፣ የአበሻ ጎመን፣ ሰላጣ፣ ዳር ዳሩን በሶብላና ጤና አዳም። ካሮት ደስ ይላል፤ ግን ወራት ጠብቀሽ አንድ ቀን ትነቅዪውና ቦታው ባዶ ይቀራል። ቲማቲም ድጋፍ ይፈልጋል፣ ሰፊ ዕቃ ይፈልጋል፣ በደጋ ዝናብ ጊዜ ዋግ ይመታዋል። ጊዜ ላጣ ሰው ቲማቲም አልመክርም።

ለሰላጣው ሣጥን የሜል ባርቶሎሚውን ልክ ተከተልኩ። አሜሪካዊ መሐንዲስ ነበር፤ በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ረጅም መስመር መዝራትን ትቶ መደቡን 30 በ30 ሳንቲ ሜትር እየከፈለ የሚተክልበትን ዘዴ አስተዋወቀ። በአንዱ ክፍል 1 ጥቅል ጎመን፣ ወይም 4 ሰላጣ፣ ወይም 16 ካሮት። ሰላጣ አራት ሆኖ ሲተከል ቅጠሉ አፈሩን ስለሚሸፍን አረም መግቢያ ያጣል።

ኅዳር 22

ሌሊቱ በርትቷል። ሜዳ ላይ ያለ አትክልት ውርጭ በሚያሰጋው በዚህ ሰሞን የኮንክሪት ግድግዳ ጥቅሙ ታየኝ፤ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይመልሳል። ቆስጣው አልተነካም። አንዱ የቆስጣ ፍሬ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ቡቃያ ስለሚያወጣ ደካሞቹን ቀነስኩ፤ የተቀነሰውም ወጥ ውስጥ ገባ።

ጥር 3

ገና አለፈ። ከየቤቱ የደረቀ ቄጤማ በፌስታል ሲጣል ሄጄ ሰበሰብኩ። ጆንያው አናት ላይና ሣጥኑ ውስጥ አራት ጣት ያህል ውፍረት አልብሼዋለሁ። የለበሰ አፈር ቶሎ አይደርቅም፣ አረም አያበቅልም፣ ቄጤማው ራሱ በስብሶ አፈር ይሆናል። በአሜሪካ ኮኔቲከት ትኖር የነበረችው ሩት ስታውት በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በዚህ ነው ስሟ የተነሣው፤ መሬቷን ዓመቱን ሙሉ በድርቆሽ ሸፍና መቆፈርና ማረም አቁማ ነበር። እማማ ስነግራቸው አልገረማቸውም። «የእንሰቱ ቅጠል የወደቀበት ይቀራል፣ ማን ያነሣዋል?» ነው ያሉኝ።

ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ለበሶብላው ባለ 20 ሊትር ቢጫ የዘይት ጀሪካን አዘጋጀሁ። ከወገቡ ይቆረጣል። የላይኛው ግማሽ ክዳኑ ወልቆ በታችኛው ውስጥ ተዘቅዝቆ ይቀመጣል፤ በአፉ በኩል የጥጥ ጨርቅ ይንጠለጠላል። ታች ውሃ፣ ላይ አፈር፤ ጨርቁ ውሃውን እየሳበ ሥሩን ያጠጣል። ሥራ የበዛበት ሰው ለቀናት ሳያየው ይኖራል። በሁለቱ ግማሾች መካከል ያለውን ክፍተት ግን በጨርቅ መጠቅጠቅ ያስፈልጋል፤ ክፍት ከተተወ ትንኝ ይራባበታል።

ጥር 24

ክሽክሽ ጎመኑ ቅጠል ሥር ተሰብስቧል። መርዝ አልረጭም፤ የምንበላው ነው። ጠዋት ጠዋት ቅጠሉን ገልብጬ በጣቴ አሸዋለሁ፣ የሳሙና ውሃ አርከፈክፋለሁ፣ በጣም የተወረረውን ቅጠል ቆርጬ እጥላለሁ። ጀርባዋ ቀይ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ጥንዚዛ ክሽክሽ ስለምትበላ ያለችበትን ቅጠል አልነካም።

የካቲት 24

ዐቢይ ጾም ገብቶ የጎመን ዋጋ ወጥቷል። እኛ ከበረንዳው እየቀጠፍን ነው። የውጭውን ቅጠል ብቻ ከግንዱ ተጠግቶ ወደ ታች ገንጠል ማድረግ፣ ለጋውን እምብርት አለመንካት፣ በአንድ ጊዜ ከሲሶ በላይ አለመውሰድ። እንዲህ ሲያዝ ተክሉ ራሱን ይተካል። በሳምንት ሁለት ቀን ለቤተሰቡ የሚሆን ጎመን ይወጣል። ሽሮው እስካሁን ብቻውን አልቀረበም፤ እንዴት እንዳስደሰተኝ!

ሚያዝያ 15

ፋሲካ አለፈ፣ ቄጤማም እንደገና ተገኘ። ፀሐዩ ግን እንደተጠበቀው ከበረንዳዬ ወጥቷል፤ ቀትር ላይ ጆንያው ጥላ ውስጥ ነው። አንዱን ጎመን ለዘር ትቼዋለሁ፤ ቢጫ አበባ አውጥቷል። ከመተላለፊያው ማዶ ያለችው ጎረቤቴ በረንዳ ወደ ሰሜን ያያል፤ ከአሁን ጀምሮ ፀሐዩ የእሷ ነው፤ ደመናው ሲበረታም ለቅጠላ ቅጠል የሚበቃ ብርሃን ይኖራታል። ትናንት ነግሬያት ተስማማች። እስከ ነሐሴ እሷ ጋ እንተክላለን፣ ከዚያ እኔ ጋ፤ ጎመኑን እኩል እንካፈላለን። ቅዳሜ አፈሩን አብረን እናወጣለን፤ እማማም የእሷን ፀሐይ ሊያዩ ደረጃውን እንደሚወጡ ነግረውኛል።