አንድ ኮት፣ አንድ ቦርሳ

በሰሜን ህንድ የምትገኘውን አምሪትሳርን የሚጎበኝ ሰው በመጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሲኮች ወርቃማ ቤተ መቅደስ ነው። ከዚያ ጥቂት በእግር ሲጓዙ አሮጌው የከተማው ማዘጋጃ ቤት ይገኛል። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የክፍፍል ሙዚየም የሚባለው በውስጡ ነው።

በ1947 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ህንድን ለቅቃ ስትወጣ አገሩ ህንድና ፓኪስታን ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። ድንበሩን እንዲያሰምር የተመረጠው እንግሊዛዊ የሕግ ባለሙያ ሲሪል ራድክሊፍ ከዚያ በፊት ህንድን አይቷት አያውቅም። የተሰጠው ጊዜም አምስት ሳምንት ገደማ ብቻ ነበር። ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ፤ መቶ ሺዎች በመንገድ ቀሩ።

ይህን ሁሉ በምን ማሳየት ይቻላል? የሙዚየሙ መሥራቾች መልሱን ያገኙት ከየቤተሰቡ ሣጥን ውስጥ ነው። ደብዳቤ፣ ልብስና የቤት ዕቃ ሰበሰቡ፤ የስደተኞቹንም ድምፅ ቀዱ። ያኔ ታሪኩን በዓይናቸው ያዩት ሁሉ አርጅተው ነበር።

ከዕቃዎቹ መካከል ዓይን የሚይዙት አንድ ባለ ጥልፍ ኮትና አንድ የቆዳ ቦርሳ ናቸው። ኮቱ የአንዲት እጮኛ ነበር፤ ቦርሳው የእጮኛዋ። በሽሽቱ ተጠፋፍተው በአምሪትሳር የስደተኞች መጠለያ ምግብ ለመቀበል ሲሰለፉ ተገናኙ። በማግስቱ ዓመትም ተጋቡ።

ከልጆች ጋር ከሄዳችሁ ግን አስቀድማችሁ አዘጋጇቸው። በአንዱ ክፍል የውኃ ጉድጓድ ታያላችሁ፤ ላለመደፈር ሲሉ ራሳቸውን ጉድጓድ ውስጥ የጣሉ ሴቶች መታሰቢያ ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ጎብኚዎች በቅጠል ቅርጽ ወረቀት ላይ መልእክት ጽፈው የሚሰቅሉበት ዛፍ አለ። ልጆች እዚያ የራሳቸውን ቅጠል መስቀል ይችላሉ።

ከዚያ ስወጣ ያሰብኩት የራሳችንን ቤት ነው። በእኛም አገር በጦርነት፣ በድርቅ ወይም በግጭት ከቀዬው የተነቀለ ዘመድ ያለው ቤተሰብ ብዙ ነው። ታሪኩ ግን የሚነገረው በቡና ላይ በቁንጽል ነው፤ ተናጋሪው ሲያልፍ አብሮት ያልፋል። ለመጀመር ሙዚየም መሥራት አያስፈልግም። በሚቀጥለው እሑድ አያታችሁን አንድ ነገር ጠይቁ፤ ስልካችሁንም ከፍታችሁ ድምፃቸውን ቅዱ፦ «ከቤት ስትወጡ ምን ይዛችሁ ነበር? ምንስ ጥላችሁ መጣችሁ?»