ማደንዘዣና የሽማግሌዎች አእምሮ

በአረካ ገበያ ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጦ ስለ ቀዶ ሕክምና የሚወራውን ያዳመጠ ሰው፣ የሚፈራው ቢላዋው ሳይሆን የሚያስተኛው መድኃኒት መሆኑን ይረዳል። «ሰውነትህን ይመልስልሃል፤ ልብህን ግን ያስቀረዋል» ይላሉ። በዚሁ ፍርሃት ምክንያት ሕመሙን ተሸክሞ በቤቱ የሚቀር ብዙ ነው።

እኛም በመንግሥት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ነገሩን በቸልታ ልናልፈው አልተቻለንም። የወሰን ክርክር በተነሣ ቁጥር የእንሰቱ ጓሮ ከየት እንደሚጀምርና ውርሱ እንዴት እንደ ተከፈለ የሚጠየቁት ሽማግሌዎች ናቸውና።

ፍርሃቱ ፈጽሞ ከንቱ አይደለም። ቤድፎርድ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1955 ዓ.ም. ከማደንዘዣ በኋላ አእምሯቸው ስለ ደከመ አረጋውያን ጽፎ ነበር። በ1998 የታተመ የብዙ አገሮች ጥናት ደግሞ ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት ያላነሰ ከ1,200 በላይ ሕሙማንን መርምሮ፣ ቀዶ ሕክምና ባደረጉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከመቶው 26 ያህሉ፣ ከሦስት ወር በኋላም 10 ያህሉ በማስታወስና በማሰብ ደክመው አገኛቸው። ቀዶ ሕክምና ባላደረጉት እኩዮቻቸው ዘንድ ግን ቁጥሩ 3 ያህል ብቻ ነበር።

ታዲያ ጥፋቱ የማደንዘዣው ነውን? እኛ እንዲህ ብለን ለመፍረድ አንደፍርም። በ2021 በታተመ ጥናት በአሜሪካና በካናዳ የዳሌ አጥንታቸው የተሰበረ 1,600 ሰዎች በሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ ሙሉ ማደንዘዣ፣ ግማሾቹ በወገብ የሚሰጠውን መርፌ እንዲወስዱ ተደረገ፤ የቃዡት በሁለቱም ወገን ከመቶ 20 ያህል ሆኑ። እንግዲህ ቁስሉ የሚቀሰቅሰው ብግነት፣ ሥቃዩ፣ እንቅልፍ ማጣቱና አስቀድሞ የነበረው ድካም አብረው ይቈጠራሉ ማለት ነው።

አንድ አዛውንት ጎረቤታችን ከቀዶ ሕክምና በኋላ በሁለተኛው ሌሊት ከሞተ ብዙ ዓመት የሆነውን በሬያቸውን ሲጣሩ አደሩ። ሲነጋ አንድ ወጣት አስታማሚ ባለሙያ ዕለቱን በአማርኛ ጠየቃቸው፤ ዝም አሉ፤ አእምሯቸው እንደ ታወከም ተጻፈባቸው። ልጃቸው ግን ጠጋ ብላ «አባባ፣ ነገ የየት ገበያ ነው?» ብላ በወላይትኛ ብትጠይቃቸው ሳይሳሳቱ መለሱ። የሌሊቱ ቅዠት እውነት ነበር፤ የቀኑ ዝምታ ግን የቋንቋ ጉዳይ ነበር። ማንበብና መጻፍ ያልተማረን ሰው በብዕርና በወረቀት መመዘንም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ስለዚህ ቤተሰብ አረጋዊው ቀድሞ ይረሳ እንደ ነበር፣ ምን መድኃኒት እንደሚወስድና መጠጥ ያዘወትር እንደ ሆነ ለሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር። ከነቃም በኋላ መነጽሩ ይመለስለት፤ የሚያውቀው ድምፅ ከአጠገቡ አይለየው፤ ሐኪሙ ሲፈቅድ ይብላ፣ ይጠጣ፣ ይነሣ፤ ሌሊቱም ጸጥታ ይኑረው። በዚህ ረገድ አስታማሚ ዘመድ ከአልጋው ሥር የሚያድርበት ልማዳችን ሀብት ነው። ቅዠቱ ብዙውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ያልፋል፤ የማስታወስ ድካሙ ግን ወራት ሊወስድ ይችላል።

ከመሥሪያ ቤታችን የምናውቀው አንድ ነገር ይጨመር። ሽማግሌው ከሆስፒታል በወጣ ሰሞን የመሬት ወረቀት ይዞ ጣቱን በቀለም ሊያስነክር የሚመጣ ዘመድ አይጠፋም። አእምሮው እስኪረጋ ድረስ ወረቀቱ ይቆየው።