ባቡሩና ሁለቱ እኅትማማቾች

ከእንጦጦ ማርያም ቅጥር ወጥቶ ቁልቁል የተመለከተ እንግዳ ሁሉ የከተማውን ስፋት እያየ ይደነቃል። እኛ ግን ተወልደን ያደግነው በዚሁ ተራራ ላይ ስለ ሆነ በመጀመሪያ የሚታየን መውረጃው ነው። ወፍጮው፣ ሐኪም ቤቱ፣ የምናገለግልበትም መሥሪያ ቤት ከታች ነው፤ ከላይ ወደ ታች የሚሄደው እንጨት ነው፤ እርሱም በሴቶች ጀርባ።

ባቡርም ከታች ቀርቷል። የብረት መንኰራኵር በብረት ሐዲድ ላይ ሲሄድ ስለሚያዳልጠው ብርቱ ዳገት አይስማማውም። ከጅቡቲ ባሕር ዳር ተነሥቶ 780 ኪሎ ሜትር ያህል የወጣው የቀድሞው ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም ዐዲስ አበባ ሲገባ መጨረሻው ዛሬ ለገሃር በምንለው ስፍራ ሆነ። በ1882 ዓ.ም በእንጦጦ ማርያም ዘውድ የደፉት፣ የሐዲዱንም ፈቃድ በ1886 ዓ.ም የሰጡት ዐፄ ምኒልክ በ1906 ዓ.ም ዐርፈው ነበርና ባቡሩ ከተማቸው ሲገባ አላዩም። እቴጌ ጣይቱ ግን በዚያ ጊዜ እዚሁ እንጦጦ ማርያም ነበሩ፤ በ1910 ዓ.ም ያረፉትም እዚሁ ነው።

እኛ የደረስንበት የከተማው ቀላል ባቡር ነው። ከምኒልክ አደባባይ ወደ ቃሊቲ የሚወስደው መሥመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም ሥራ ጀመረ፤ ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች የሚሄደውም ጥቂት ቈይቶ ተከተለ። ሁለቱ በአንድነት 34 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆኑ ጣቢያዎቻቸው 39 ናቸው። ዋጋው እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር።

እናታችን በሳሪስ የሚኖሩ ታላቅ እኅት አሏቸው። ከዚያ በፊት የሚገናኙት በለቅሶና በሠርግ ብቻ ነበር፤ በየታክሲው መለዋወጡ ጉልበትም ገንዘብም ይፈልጋልና። ባቡሩ ሲመጣ ግን እናታችንን እስከ ሽሮ ሜዳ፣ ከዚያም እስከ ፒያሳ በታክሲ አውርደን ከምድር በታች ወዳለው ጣቢያ አስገባናቸው። ደረጃውን ሲወርዱ አማተቡና «ልጄ፣ በቁሜ ልትቀብረኝ ነው?» አሉን። ባቡሩ ተነሥቶ ወደ አትክልት ተራ በኩል ብርሃን ሲወጣ ግን እስከ ሳሪስ ድረስ ፊታቸውን ከመስኮቱ አላነሡም። ከዚያ ወዲህ በወር አንድ ቀን እርሳቸው ይወርዳሉ፤ በወር በገባ በ21 ደግሞ አክስታችን ማርያምን ሊሳለሙ ይወጣሉ። ቡናውም ጠበሉም በየተራ ሆነ። እኛ ከመሥሪያ ቤት ስንመለስ ሁለቱ እንደ ልጃገረድ ሲሣሣቁ እናገኛቸው ነበር።

ይህ ነገር ጥቂት ዓመታት ቈየ። ባቡሮቹ ሲገዙ 41 ነበሩ፤ መለዋወጫቸው ግን የሚመጣው ከውጭ አገር፣ የሚገዛውም በውጭ ምንዛሪ ነው። አንዱ ሲቆም ዕቃው እየተፈታ ለሌላው ይሰጥ ጀመር፤ በ2015 ዓ.ም ከግማሽ የሚበልጡት ቆመው ነበር። የቀሩት የሁሉንም ሰው መሸከም ግድ ሆነባቸው። እናታችን አንድ ቀን ከሳሪስ ሲመለሱ አንድ ተማሪ ተነሥቶ አስቀመጣቸው፤ እግዜር ይስጠው። በሌላ ጊዜ ግን በሩ ተከፍቶ ተዘጋ እንጂ መግቢያ አልተገኘም። በዚያው ቀሩ፤ አክስታችንም እንዲሁ።

በቢሮአችን «ባቡሩ ምን ጠቀመ?» እያሉ የሚያፌዙ አሉ። አብዛኞቹ መኪና ያላቸው ናቸው። ጥያቄው መጥፎ ባይሆንም መልሱ ያለው ከእነርሱ ዘንድ አይመስለንም። ሐዲድ ሲዘረጋ የቆመው ድንኳን፣ የተቈረጠው ጥብጣብ ሁሉ ይነገራል፤ አንድ ብሎን ከየት እንደሚመጣ፣ ገንዘቡም ከየት እንደሚወጣ የሚጠይቅ ግን በዚያ ቀን እምብዛም አይገኝም። እኛም ብንሆን አልጠየቅንም፤ እናታችንን በመስኮቱ በኩል ማስቀመጥ ብቻ ነበር ሐሳባችን።

አሁን ሁለቱ በስልክ ይነጋገራሉ። የአክስታችን ጆሮ ስለ ደከመ ግማሹ ጩኸት ነው። ባለፈው በ21 ከቅዳሴ ስንወጣ እናታችን ከዐጸዱ አጠገብ ቆም አሉና «ሳሪስ በየት በኩል ነው?» ብለው ጠየቁን። በጣታችን አመለከትናቸው፤ በዚያ በኩል ጉም ነበር። ነጠላቸውን አጣፍተው ጥቂት ቆሙና «በል እንሂድ፤ ስልኩን ሞልተኸዋል?» አሉን።