ያልታወቀ ዘፋኝ

በ2007 ዓ.ም. ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከመሐል ሜዳ ስልክ ተደወለልኝ። የአክስቴ ልጅ ናት።

«ጋሼ፣ የእማዬ ሙት ዓመት ለጥቅምት ነው። ያኔ በቴፕ የቀዱትን ድምጿን ይዘውልን ይምጡ። የልጅ ልጆቿ ይስሟት።»

«ለዚህ ደግሞ ታስቢያለሽ እንዴ?» አልኳት። «ኮምፒውተሬ ውስጥ ቁጭ ብላልሻለች።»

አፌን በቆረጠው ያሰኘኝ ይኼ ንግግር ነው።

ሁላችንም እታለም ነበር የምንላት። የአባቴ እህት ናት። ዘፋኝ አልነበረችም። መንዝን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ብርዱ ሱፍ ያስፈትላል። ሴቱ ይፈትላል፣ ወንዱ ይሸምናል፣ ያ የታወቀው ባና ይወጣል። እታለም እንዝርቷን እያሾረች ታንጎራጉር ነበር። ግጥሙ የራሷ ነው። ስለሞተ ወንድሟ፣ ስለ በጎቿ፣ አዲስ አበባ ገብቶ ስለቀረ አንድ ልጅ። ልጁ እኔ ልሁን ሌላ፣ ጠይቄያት አላውቅም።

በ1986 ዓ.ም. ለፋሲካ ስሄድ ቴፕ ይዤ ሄድኩና ሁለት ካሴት ሙሉ ቀዳኋት። በ2000 ዓ.ም. ኮምፒውተር ስገዛ ደግሞ ቴፑን ከኮምፒውተሩ ጋር በሽቦ አገናኝቼ የሷንም ሌሎችንም ቤት ውስጥ የተከማቹ ካሴቶች ገለበጥኩ። ካሴቶቹስ? «ቦታ አጣበቡ» ተባለና ተሰጡ። ለማን እንደተሰጡ ዛሬ የሚያስታውስ የለም።

እናላችሁ፣ ስልኩን ዘግቼ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ዘፈኖቼን የሚያስተዳድርልኝ ፕሮግራም ዝርዝሩን ድርድር አድርጎ አመጣው። አንዱን ስጫን ዝም። ሌላውን ስጫን ዝም። ከየስሙ ፊት ቃለ አጋኖ ተገትሯል። «ፋይሉ ሊገኝ አልቻለም» ይለኛል።

እኔም አብዛኞቻችን የምናደርገውን አደረግኩ፤ ፕሮግራሙን ነቅዬ እንደገና ጫንኩት። ያው ነው። አጠፋሁ፣ አበራሁ። ያው ነው። ዶሮ እስኪጮህ ስታገል አድሬ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ የዘፈን ላይብረሪ ዘፈን የሚያስቀምጥ ዕቃ ቤት አለመሆኑ ነው። መዝገብ ነው። የዘፈኑን ስም፣ የዘፋኙን ስምና ፋይሉ የሚኖርበትን አድራሻ ይዟል፣ በቃ። ዘፈኖቼ የነበሩት ከውጭ በሚሰካ ዲስክ ላይ ነው። ልጄ ከዲስኩ በፊት ፍላሽ ሰክቶ ኖሮ፣ ኮምፒውተሩ «ኢ» ይባል የነበረውን ዲስክ «ኤፍ» ብሎ ሰይሞታል። መዝገቡ «ኢ» ሄዶ ያንኳኳል፤ የቤቱ ባለቤት «ኤፍ» ገብቶ ተኝቷል። መድኃኒቱም የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር፤ ወደ ዲስክ ማኔጅመንት ገብቶ ለዲስኩ የቀድሞውን ፊደል መመለስ። ቃለ አጋኖው ሁሉ ጠፋ። ዘፈኑ ዘፈነ።

እታለም ግን የለችም።

ፍለጋ ገባሁ። መቼም የኛን አገር ዘፈን ኮምፒውተር ውስጥ የፈለገ ሰው መከራዬን ያውቀዋል። ጥላሁን ገሠሠ በ2001 ዓ.ም. ሲያርፍ ኢትዮጵያ በሙሉ በአንድ ስም አልቅሳለታለች። እኔ ኮምፒውተር ውስጥ ግን አራት ሰው ነው። አንዱ ስሙን በአንድ «ኤስ»፣ ሌላው በሁለት ጽፎታል። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በፈረንሳይ የሚታተመው «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ 17ኛውን ሲዲ ለሱ ሲሰጥ፣ ስሙን ራሱ ባወጣው አጻጻፍ ጽፎታል። ፕሮግራሙ ደግሞ ፊደል እንጂ ሰው አያውቅም፤ አንድ ፊደል ከተለየ ሌላ ዘፋኝ ነው ይላል።

አንድ ዐቢይ ጾም ደግሞ የበገና ሲዲ ባስገባ፣ በገናው እየተደረደረ ስክሪኑ ላይ የማላውቀው የፈረንጅ ባንድ ስም ወጣልኝ። ሰይጣን ገባበት እንዴ አልኩ። ለካስ እነዚህ ፕሮግራሞች ዲስኩን የሚለዩት ድምፁን ሰምተው አይደለም። የዘፈኖቹን ብዛትና ርዝመት ይለኩና ኢንተርኔት ላይ ካለ መዝገብ ጋር ያመሳክራሉ። ብዛቱና ርዝመቱ ከገጠመ፣ ደርዳሪያችንን ጊታር ተጫዋች ያደርጉታል።

የአማርኛው ነገር ይባስ። በግዕዝ ፊደል የተጻፉት ስሞች አንዳንዱ ጋ ሳጥን፣ አንዳንዱ ጋ የጥያቄ ምልክት ሆነው ይታያሉ። ሁለቱ ለዓይን ይመሳሰላሉ እንጂ የተለያየ በሽታ ናቸው። ሳጥን ከታያችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ስሙ አለ፣ የጎደለው ኮምፒውተሩ ስሙን የሚያሳይበት ፊደል ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዊንዶውስ ቪስታ እ.ኤ.አ. በ2007 «ኒያላ» የተባለውን ፊደል ይዞ እስኪመጣ ድረስ ደግሞ ፊደሉን እየፈለግን የምንጭነው እኛው ነበርን። ፊደሉን ስትጭኑ ሳጥኑ ወደ ስም ይመለሳል። የጥያቄ ምልክት ግን ብዙ ጊዜ ተስፋ የለውም። ፕሮግራሙ ፊደሉን ስላላወቀው በቦታው የጥያቄ ምልክት ጽፎ አስቀምጧል፤ ከሥሩ የተደበቀ ስም የለም።

ሌላም አለ። የኤምፒ3 ፋይል ጭራ ላይ እ.ኤ.አ. በ1996 የተፈለሰፈ 128 ባይት የምታህል መለያ ትለጠፋለች። ለዘፈኑ ስም 30 ባይት፣ ለዘፋኙ ስም 30 ባይት ተመድቦለታል። አንድ የግዕዝ ፊደል ደግሞ በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ 3 ባይት ይወስዳል። ይካፈል ቢባል 10 ፊደል ነው የሚደርሰን። የአባት ስም ደጅ ያድራል። ደግነቱ ከዚያ በኋላ የመጣው መለያ ሰፊ ነው፤ አያትም ቅድመ አያትም ይችላል።

ሳጥኑን ስከፍት፣ የጥያቄ ምልክቱን አንድ በአንድ ሳዳምጥ ሦስት ቀን ሄደ። በሦስተኛው ቀን ማታ «ትራክ 01 – ያልታወቀ ዘፋኝ» የሚል አገኘሁ። ልቤ ዘለለ። ካሴት ስገለብጥ ፕሮግራሙ ስም ሲጠይቀኝ አልጻፍኩም ነበር፤ እታለምን ማን ያጣታል? ተጫንኩት። ከሬዲዮ የቀዳሁት የእግር ኳስ ጨዋታ ነው። ጎሉ ገባ፤ እኔ ተቀመጥኩ።

ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። በ2005 ዓ.ም. ዲስኩ ሞልቶ አስቸገረኝና «ድግግሞሽ ፈልግ» የምትል ትእዛዝ አግኝቼ ነበር። ደስ ብሎኝ ተጫንኳት። ፕሮግራሙ ድግግሞሽ የሚለው የዘፈኑና የዘፋኙ ስም አንድ የሆነውን ነው። ደርዘን ካሴት ስም ሳልሰጥ ገልብጫለሁ፤ ሁሉም «ትራክ 01»፣ ሁሉም «ያልታወቀ ዘፋኝ»። ሠርግ፣ ስብከት፣ እግር ኳስና እታለም በመዝገቡ አንድ ነገር ነበሩ። አንዷን አስቀርቼ ሌላውን ሰረዝኩ። «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎኝ ነበር። እርግጠኛ ነኝ አልኩት። ቆሻሻ መጣያውንም ባዶ አደረግኩ።

በማግስቱ ዲስኩን ታቅፌ ኮምፒውተር ጥገና ቤት ሄድኩ። ልጁ ጨዋ ነው። «ጋሼ፣ ኮምፒውተር ሲሰርዝ ወዲያው አያጠፋም። ‹ይኼ ቦታ ነፃ ነው› ብሎ ይመዘግባል እንጂ ሌላ ነገር እስኪተኛበት ድረስ ፋይሉ እዚያው አለ። ያኔውኑ ነክተው ባይጨምሩበት ኖሮ ይገኝ ነበር። እርስዎ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ፊልም አስተኝተውበታል።» ቢሆንም እሞክራለሁ አለ። «በምን ስም ልፈልግ?»

«እታለም።»

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ መጠሪያ ነው። ስማቸው?»

እዚያ የጥገና ቤት ባንኮኒ ላይ ቆሜ አፌ ተያዘ። እታለም። ሌላ ስሟን አላውቀውም። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ሁለት ፈሪ ነኝ፤ ያሳደገችኝን ሴት ስም አላውቀውም። ቀብሯ ላይ ሲጠራ ሰምቼው ይሆናል፤ ልብ አላልኩም። የመንዝ ሰው ነኝ ደግሞ! ማማ፣ ላሎ፣ ጌራ ብሎ ትውልዱን ወደ ላይ እየቆጠረ ርስት የሚጠይቅ አገር ልጅ። መሬቱ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ የመንግሥት ከሆነ ወዲህ ቆጠራው ለክርክር አይፈለግም፤ እኔ ደግሞ ጭራሹን ከአክስቴ ላይ ጀምሬ ረስቼው ኖሯል። ፕሮግራሙን «ያልታወቀ ዘፋኝ» አለ ብዬ ስረግመው ከረምኩ። እውነቱን ነበር የተናገረው።

ልጁ የሁለት ደቂቃ ያህል ቁርጥራጭ አወጣልኝ። ሲንኮሻኮሽ ቆይቶ የእንዝርት ድምፅ የመሰለ ነገር ይሰማል፤ ከዚያ ፊልም ይገባበታል።

ጥቅምት ሲደርስ ባዶ እጄን ሄድኩ። ጣርማ በር ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦታል፤ በሞላሌ በኩል አልፌ መሐል ሜዳ ስገባ ዝክሩ ተጀምሯል። እንግዳው ከተሸኘ በኋላ ዘመድ ብቻ ስንቀር ነገርኳቸው። ያፈርኩትን ያህል ከዚያ ወዲህ አፍሬ አላውቅም። የአክስቴ ልጅ ምንም አላለችኝም፤ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ ወደ በሩ ዞረች።

«እንዴ፣ ጋሼ!» አለ ከወደ ጥግ አንድ ልጅ እግር። ከግሼ ራቤል የመጣ የኢሱዙ ሾፌር፣ የአጎታችን ልጅ ነው። «በ2000 አዲስ አበባ ስመጣ ሲዲ ሰጥተውኝ አልነበር? እኔ ጋ እኮ አለች።»

መስጠቴን ረስቼዋለሁ። እሱ አልረሳም። ሲዲ ማጫወቻ ስለሌለው ዘፈን የሚጭኑ ልጆች ጋ ወስዶ ፍላሽ ላይ አስገልብጧል። ከሱ ረዳቱ ወስዷል፤ ከረዳቱ ሌላ ሾፌር፤ ከሾፌሩ ስልክ ወደ ስልክ። አንዱ «እማማ» ብሎ ጽፏታል፣ አንዱ «የመንዝ እንጉርጉሮ»፣ የኛው ልጅ «እታለም»። እኔ በሥርዓት የተደረደረ ላይብረሪ ውስጥ አስቀምጬ ያጠፋኋትን፣ ላይብረሪ የሚባል ነገር ያልነበራቸው ልጆች እየተቀባበሉ በመኪና ሲያዞሯት ኖረዋል። ድግግሞሽ ነው ብዬ ሰረዝኳት፤ የተረፈችው ስለተደጋገመች ነው።

ኢሱዙው በራፉ ላይ ቆሟል። ጋቢናውን ከፍቶ ፍላሹን ሰካ፤ ሁላችንም ባና ተከናንበን መኪናውን ከበብን። መጀመሪያ እንዝርቱ ተሰማ፣ ከዚያ እሷ። የልጅ ልጆቿ ተያዩ። ትንሿ «ይቺ ናት እማማ?» አለች። ልጇ ለእናቷ ሞት ያላለቀሰችውን አለቀሰች።

ዘፈኑ ሲያልቅ አጠገቤ የነበሩትን ሽማግሌ፣ «አባቴ፣ የእታለም ስሟ ማን ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ታዘቡኝ። ታዝበውም አልቀሩ፣ ስሟን ከነአባቷ፣ ከነአያቷ ብለው ወደ ላይ ሰባት ቤት ቆጠሩልኝ። ወረቀት አውጥቼ ጻፍኩ።

አዲስ አበባ ስመለስ ፋይሉን በሦስት ቦታ አስቀመጥኩ፤ በኮምፒውተሬ፣ በፍላሽና በልጄ ስልክ። እናንተም ቤት ስም ያልተጻፈለት ድምፅ ካለ ዛሬውኑ ጻፉለት። የሚያውቀው ሰው በሕይወት እያለ። ከዚያም ቢያንስ ለአንድ ዘመድ ስጡ።

ስሟን እዚህ አላወጣውም፤ የቤታችን ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ግን ከነአባቷ፣ ከነአያቷ ጽፌዋለሁ። «ትራክ 01» የሚለውን አጥፍቼ «መሐል ሜዳ፣ የ1986 ፋሲካ» አልኩት። ፕሮግራሙ ገና በ2000 ዓ.ም. የጠየቀኝ ይህንኑ ነበር።