ግድግዳው እንዳይዘም

ሰው ከረጅም ቤት ፊት ቆሞ ቀና ብሎ ሲመለከት ግድግዳው ወደ ኋላ የዘመመ አይመስለውም፤ ዓይን ያየውን አእምሮ ያቀናዋልና። ካሜራ ግን ይህ ጸጋ የለውም። አንገቱን ቀና ካደረጉት ምሰሶዎቹ ወደ ላይ እየተጠጋጉ፣ ጣሪያው እየጠበበ፣ ቤቱ በጀርባው ሊወድቅ የተዘጋጀ መስሎ በፊልሙ ላይ ይቀራል።

እንዲህ ያለ አንድ ፎቶግራፍ በአዲስ አበባ በሚኖር አንድ ፎቶግራፍ አንሺ ክፍል ውስጥ ተሰቅሏል። ሰውየው ሠላሳ ዓመት ያህል ሠርግና ክርስትና፣ ምረቃና መታወቂያ ሲያነሣ የኖረ ነው። በፎቶግራፉ ላይ የሚታየው ከፒያሳ አሮጌ ቤቶች አንዱ ሲሆን፣ የእንጨት ሰገነቱ፣ እንደ ዳንቴል የተፈለፈለው የክፈፉ ጌጥ፣ የቆርቆሮ ክዳኑ ሁሉ ተለይቶ ይታያል። ነገር ግን ቤቱ ዘሟል። ሰውየው ባነሣው ዕለት «ሌላ ቀን ተመልሼ በወጉ አነሣዋለሁ» ብሎ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሠፈሮች ሲፈርሱ ያ ቤት አብሮ ሄደ። የዘመመው ሥዕል ብቻውን ቀረ።

ተጣጣፊ ቴክኒካል ካሜራ የመምረጡ ጉዳይ የተጀመረው ከዚህ ጸጸት ነው።

በተራው ካሜራ ሌንሱ ከአካሉ ጋር ተጣብቆ የተሠራ ስለ ሆነ፣ ከፍ ያለውን ለማየት ካሜራውን በሙሉ ቀና ከማድረግ በቀር ሌላ ብልሐት የለም። ተጣጣፊው ግን እንደ ሻንጣ ይከፈታል። ክዳኑ ወደ ፊት ተዘርግቶ መደብ ይሆናል፤ በመደቡ ሐዲድ ላይ ሌንስ ያዡ ይሳባል፤ በሌንሱና በፊልሙ መካከል ባለ ብዙ እጥፍ ወናፍ ይዘረጋል። ወናፉ ለሁለቱም ስለሚታዘዝ፣ የካሜራው ጀርባ ከግድግዳው ጋር ትይዩ ሆኖ እንደ ቆመ ሌንሱ ብቻውን ከፍ ይላል። ጣሪያው ይገባል፤ ግድግዳውም ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሌንሱን የማዘንበሉም ነገር የራሱ ጥቅም አለው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1904 ፓተንት ባወጣው በኦስትሪያዊው መኮንን በቴዎዶር ሻይምፕፍሉግ ስም በሚጠራው ሕግ መሠረት፣ የፊልሙ፣ የሌንሱና የሚነሣው ነገር ጠለሎች ተራዝመው በአንድ መስመር ላይ ሲገናኙ፣ ከእግር ሥር ካለው የግቢ ድንጋይ እስከ ሩቁ ደጃፍ ድረስ መሬቱ ሁሉ ጠርቶ ይወጣል።

ፊልሙ ኮዳክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1901 ያወጣው፣ ዛሬም የሚመረተው ባለ 120 ቁጥር ጥቅልል ነው። በ6 በ9 ሴንቲ ሜትር መጠን 8 ሥዕል ብቻ ይወጣዋል።

ለምርጫ ሦስት ካሜራዎች ቀረቡ፤ ሁሉም ከሌላ ሰው እጅ የወጡ። የመጀመሪያው በአሜሪካ በሮቸስተር ከተማ ይሠራ የነበረው የግራፍሌክስ «ሴንቸሪ ግራፊክ» ነው። የጋዜጠኞቹ የ«ስፒድ ግራፊክ» ታናሽ ወንድም ሲሆን፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1949 ወጣ። ቀላልና ርካሽ ነው፤ ሌንሱም ከፍ ይላል። ሆኖም የፊልሙ ጀርባ አይዞርም። ለረጅም ቤት ሥዕሉን ማቆም ሲያስፈልግ ካሜራውን በጎኑ ማስተኛት ግድ ነው፤ ያን ጊዜ ወደ ላይ የነበረው እንቅስቃሴ ወደ ጎን ይሆናል፤ ለቤቱ ቁመት የሚቀረውም የጎኑ ትንሽ እንቅስቃሴ ብቻ ነው።

ሁለተኛው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1887 ሙኒክ ላይ የተመሠረተው የሊንሆፍ ኩባንያ «ቴክኒካ» ነው። አሠራሩ እንደ ጥሩ መዝጊያ ቁልፍ ነው፤ ሲከፈትም ሲዘጋም ይታወቃል። ርቀት መለኪያው ግን የሚሠራው ለዚያው ለአንዱ ሌንስ ተብሎ በተሞረደ ብረት ነው። ሌንሱና ብረቱ ከተለያዩ፣ ካሜራው በልበ ሙሉነት ይዋሻል። ዋጋውም የአንድ ሙሉ የሠርግ ወራት ገቢ የሚበላ ነበር።

ሦስተኛው የጃፓኑ «ሆርስማን ቪኤች» ነው። ብረት ለበስ ነው፤ ጀርባው ይዞራል፤ ሌንሱ ከፍ ይላል፣ ያዘነብላል። ርቀት መለኪያ የለውም። ሰውየው ይህን ጉድለት እንደ ጉድለት አልቆጠረውም፤ ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ በደብዛዛው መስተዋት ላይ ማየት ይበቃዋል። «ቤት አይሮጥም» አለ። ወዲያው ግን ዓይኑ ወደ ዘመመው ሥዕል ሄደና ዝም አለ።

ከመክፈሉ በፊት ክፍሉን አጨልሞ በወናፉ ውስጥ የእጅ ባትሪ አበራ፤ በየእጥፉ ማዕዘን እንደ መርፌ ቀዳዳ ያለ ብርሃን መኖር አለመኖሩን ፈለገ። የሌንሱን መዝጊያ በአንድ ሰከንድ አስነሥቶ በጆሮው አዳመጠ። ከዚያ ገዛው።

የማንኛውም ተጣጣፊ ካሜራ ችግር የተገለጠው መንገድ ላይ ነው። የሠፈሩ መተላለፊያ ጠባብ ስለ ሆነ ሰፊ ሌንስ ያስፈልጋል። ሰፊ ሌንስ ግን ለፊልሙ ቀርቦ ስለሚቆም፣ ወናፉ ተጨማድዶ ይጠነክራል፤ ከፍ እንዲል ሲፈለግም የሳጥኑ አፍ ይይዘዋል። በቦርሳ መግባቱ ያስከፈለው ዋጋ ይህ ነው። ስለዚህ ሰውየው ሌላ መላ አገኘ፤ ከሚነሣው ቤት ፊት ለፊት ባለው ቤት ሰገነት ላይ መውጣት። ከቁመቱ እኩሌታ ላይ ለቆመ ካሜራ፣ ሌንሱ ጥቂት ከፍ ቢል ይበቃዋል።

በዚህ ምክንያት ነው አንድ እሑድ ማለዳ የአንዲት አሮጊትን ደጅ ያንኳኳው። ፈቀዱለት። ሰባት ሥዕል ካነሣ በኋላ ጠጋ ብለው «እስቲ ልየው፣ ልጄ» አሉት። ጨርቁን አለበሳቸው። በደብዛዛው መስተዋት ላይ ማዶ ያለው ቤት በጣሪያው ቆሟል፤ ምሰሶዎቹ ግን ቀጥ ያሉ ናቸው።

«ተገልብጧል እኮ!»

«ሲታጠብ ይቃናል፣ እማማ።»

ከጨርቁ ወጥተው የራሳቸውን ሰገነት ምሰሶ በመዳፋቸው ዳሰሱት። «የእኔንስ?»

«ሌላ ቀን...» ብሎ ጀመረና አቋረጠ። አንድ ሥዕል ይቀረዋል። መቆሚያውን አጥፎ ደረጃውን ወረደ፤ መንገዱን ተሻግሮ የማዶውን ቤት በር አንኳኳ።